ኢዮሲን ማን አጠበው?

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ታናሹን ይጠይቃል። ያፌትም እንደ ሰዉ ነው። አንድ ዓይኑን ብቻ ገልጦ፣ ራስጌው ያለችውን የማሞቂያ ሳጥን ይከፍትና «እንዴት አደርሽ፣ ድንቡሼ?» ይላል። ድንቡሼ አፍ የላት፣ ምን ትበል? የምስር ክክ የምታህል፣ ከራሱ ከያፌት ደም ተወስዳ ያደገች የልብ ቁራጭ ናት። በብርጭቆ ሳህኗ ውስጥ፣ ሮዝ ውሃዋ ላይ ተንጋላ ቱክ፣ ቱክ ትላለች። ያፌት ቆም ብሎ ያያታል፣ ከምግቧ ጠብታ ይጨምርላታል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሥራው የቤት ማቀዝቀዣ መጠገን ነው፤ ድሬ ላይ እንጀራው የማይቋረጥ ሙያ ቢኖር ይኸው ነው።

ታናሽ የሌለው ሰው የለም። ልጅ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ይቀዳና «ልብ ቤት» የሚባለው መሥሪያ ቤት ያበቅልለታል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር መብላት ወይም መጠጣት ያማረው ሰው መጀመሪያ ለታናሹ ጠብ ያደርግላታል። ከተረበሸች ይተወዋል፤ ተንገራግራ ከተረጋጋች ይቀጥላል። የከተማው ደንብም አጭር ነው፦ ታናሽ የፈቀደችው የተፈቀደ ነው። ድሮ ሰው ይታሰርበት የነበረው ሁሉ በዚህ ደንብ አደባባይ ወጣ። ፖሊሱም ሥራ ቀሎለት ጥላ ሥር ሎሚ ይመጥጣል።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ግብዣ ላይ ወጡ ያልጣመው እንግዳ «ታናሼ አልወደደችውም» ካለ ማንም አይቀየመውም። ያፌት የጎረቤቱን የእትዬ ኬብሮንን ጎመን ስንት ዘመን ያመለጠው በዚህ ዘዴ ነው። ድንቡሼ እኮ ለጎመኑ ምንም አላለችም! ግን ማን ይመሰክርባታል?

ከነውር ሁሉ የከበደው ነውር ማደራረብ ነው። ለታናሽ አንድ ነገር አቅምሶ፣ በንጹሕ ውሃዋ ሳያጥቧት ሌላ ነገር መጨመር እንግዳን በሰው ትራፊ ሳህን ከማብላት አይለይም። ልጆች አፋቸውን ሲፈቱ ጀምሮ «ሳታጥብ አትደርብ» እየተባሉ ያድጋሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። «ትኮርፋለች» ይባላል፣ በቃ።

ክብሯ የሚታየው ደግሞ ሠርግ ላይ ነው። የሙሽራውና የሙሽሪት ታናሾች በአንድ ሳህን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሁለቱም በየራሳቸው ምት ይሄዳሉ፤ ቆይተው ሲነካኩ ግን ምታቸው አንድ ይሆናል። የልብ ሥጋ ጠባዩ ነው። ያኔ እልልታው ይቀልጣል፣ ጋብቻው ጸና ይባላል። የሙሽራውን ታናሽ ይዞ የሚመጣው አንደኛ ሚዜው ነው። በሠርጉ ዋዜማም የድግሱን መጠጥ በየተራ የሚያቀምሳት እሱው ነው።

ያፌት የኢዮስያስ አንደኛ ሚዜ ነበር። ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተው ያደጉ፣ አንዱ ሲመታ ሌላው የሚያለቅስ ዓይነት ጓደኞች ናቸው። ኢዮሲ ሶልያናን ለማግባት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቷል። ደጁ ደግሞ የሶልያና አባት የጋሽ ሄኖክ ነው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሹፌር፣ ሰዓት የሚወዱ፣ ሳቅ የሚሰስቱ ሰው። ስለዚህ ያፌት የኢዮሲን ታናሽ፣ ንግሥትን፣ ሲረከብ ከሙሽራው ይልቅ የፈራው ጋሽ ሄኖክን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ጣሪያውን በምትቀቅልበት ሰዓት፣ ጓደኛሞቹ ኢዮሲ ቤት ተሰበሰቡ። ያፌት ጓዳ ገብቶ ሥራውን ጀመረ። ለንግሥት ጠላውን አቀመሳት፤ አጠባት። ጠጁን አቀመሳት፤ ትንሽ ዘገም ብላ ተመለሰች፤ አጠባት። በየመሀሉ ወደ ሳሎን ብቅ እያለ «ፈቅዳለች!» ሲል ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ።

በዚህ መሀል ዳጊም ኢዮሲን አስከትሎ ጓዳ መጣ። ዳጊም ሁለተኛው ሚዜ ነው፤ ያለሱ ጨዋታ አይደምቅም፣ ከሱ ጋር ደግሞ ያለ ጣጣ ተጨዋውቶ የገባ የለም። ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ መዘዘ። ኮኬይን ነው፤ ሰዉ «ነጩ» ይለዋል።

«አቦ፣ ሦስት ቀን ልትጨፍር ነው እኮ!» አለው ኢዮሲን። «በመጠጥ ብቻ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ትዘረጋለህ። ነጩ ካለ ግን አረቄው አይጥልህም። ብትጠጣ ብትጠጣ እንደ ሎሚ ጭማቂ ነው።»

«ንግሥት ትፍቀድ እንጂ እኔማ ምን ገዶኝ» አለ ኢዮሲ።

ያፌት ከነጩ ቆንጠር አድርጎ በውሃ በጠበጠና ጠብ አደረገላት። ንግሥት ተንደረደረች! አዲስ ሞተር የገጠመ ባጃጅ ትመስል ነበር። ሦስቱም አጎንብሰው አዩዋት። ቀስ በቀስ በረድ አለች፤ ቱክ፣ ቱክ፣ ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች።

«ፈቀደች!» ብሎ ዳጊም ዘለለ። ኢዮሲም የድርሻውን ሊወስድ ሳሎን ገባ።

የቀረችው አረቄዋ ናት። እሷን ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ሄኖክ ናቸው የላኩት፤ አማች ሊሆን የተነሳ ሰው እንዴት ብሎ አልጠጣም ይላል? ያፌት ማጠቢያ ውሃውን አነሳ። ልክ ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሄኖክ።

«አንተ ሚዜ! ወንበሩ ከድንኳኑ ምሰሶ ፊት ለፊት ነው የተደረደረው። እንግዳዬ ምሰሶ እያየ ነው የሚበላው?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ!»

«ነገ በሰዓቱ ካልመጣችሁ ደግሞ በሩን ነው የምዘጋው። ባቡር ማንንም አይጠብቅም።»

«እሺ ጋሼ፣ እናዞረዋለን ጋሼ» እያለ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ሰንጎ፣ ያነሳውን ማጠቢያ ውሃ መልሶ አስቀመጠ። እጁ ወደ አረቄው ሄደ። ጠብ አደረገ።

ስልኩን ሲዘጋ ንግሥት ልክ አልነበረችም። አንዴ መታች፣ ዘለለች፣ ሁለቴ አከታተለች፣ ቆመች። ከዚያ አንዱ ጫፏ በራሱ መምታት ጀመረ፣ ሌላውም በራሱ፤ ምት እንደጠፋበት ጭብጨባ ሆነች። መልኳ ከዳር ጀምሮ ገረጣ። ያፌት ውሃውን አንቆርቁሮ አጠባት፣ ደግሞ አጠባት፣ እፍ አለባት፣ ስሟን ጠራ። «ንግሥትዬ፣ በናትሽ!» ንግሥት አልሰማችም። ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች።

ያፌት ክው አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ! የሙሽራውን ታናሽ፣ በሠርጉ ዋዜማ፣ ሳያጥብ ደርቦ ገደላት። አዲስ ለማብቀል ወራት ይፈጃል፤ ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው። ጋሽ ሄኖክ ባዶ ሳህን ይዞ ለመጣ ሚዜ በር የሚከፍቱ ሰው አይደሉም። የሦስት ዓመት ደጅ ጥናት በአንድ ጠብታ ሊቀር ነው።

የደነገጠ ሰው ብልሃቱ አያልቅም። ያፌት ወደ ግብዣ ሲሄድ ድንቡሼን በመያዣዋ ይዟት ይሄዳል፤ አሁንም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ንግሥትን አውጥቶ በመሐረብ ሸፈናት፣ ድንቡሼን በእሷ ቦታ አስገባ። ማን ያውቃል? ሁለቱም ምስር ክክ ናቸው። የገዛ ልቡ ነገ በሕዝብ ፊት ከጓደኛው ሚስት ጋር ልትመታ መሆኑ ትዝ ሲለው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን ምን ምርጫ አለው? ላቡን ጠረገና ሳሎን ገባ።

ኢዮሲ ዓይኑ ያበራል፣ ምላሱ አላረፈም፤ ስለ ሶልያና እያወራ፣ መሀሉን ትቶ ስለ ድንኳኑ፣ ደግሞ ስለ ሶልያና። ነጩ ሥራውን ጀምሯል። ዳጊም የጋሽ ሄኖክን አረቄ ጠርሙስ ታቅፎ ተቀምጧል።

«እህስ? ፈቀደች?» አለ ኢዮሲ።

«ፈቅዳለች» አለ ያፌት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው።

ጭብጨባ ሆነ። ዳጊም ቀዳ፣ ሞልቶ ቀዳ። ኢዮሲ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «ለአማቴ ጤንነት!» አለ። ያፌትም ለማጨብጨብ እጁን አነሳ፣ በልቡ ግን ራሱን እየረገመ ነው። ምናለ ባጥባት! አጥቤያት ቢሆን እኮ ነጩ ለብቻው፣ አረቄው ለብቻው፣ ምንም አትሆንም ነበር። ሳላጥባት ነው የደረብኩባት፤ ነጩ ውስጧ እያለ አረቄውን…

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ኢዮሲስ? ኢዮሲን ማን አጠበው?

ያፌት እንዴት ጠረጴዛውን እንደተሻገረ አያውቅም። ብርጭቆዋ ግድግዳው ላይ ስትሰበር ነው ራሱን ያገኘው። የጋሽ ሄኖክ አረቄ ግድግዳውን ይዞ ወረደ።

«አቦ! አበድክ እንዴ?» ብሎ ዳጊም ተነሳ።

«እንዳትጠጣ! ንግሥት ሞታለች!»

 ያፌት አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ስልኩን፣ ውሃውን፣ መሐረቡን፣ ድንቡሼን መተካቱን። ሲጨርስ ኢዮሲ መጀመሪያ ሳቀ። ነጩ ይሆን ድንጋጤው አይታወቅም፣ ሳቁ አልቆም አለው። ከዚያ ሳቁን ትቶ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ንግሥቴን?»

«አላጠብካትማ፣ ኮርፋ ነው የሞተችው!» አለ ዳጊም። «አንተ ባጠፋኸው የሰው ብርጭቆ ትሰብራለህ? ሙሽራው ምን አገባው? ታናሹ ነጩን ፈቅዳለች፣ አረቄውን ሌላ ጊዜ ስንቴ ፈቅዳለች።» ሌላ ብርጭቆ አነሳና ቀዳ። «ጠጣ፣ ኢዮሲ፤ ሐዘንህን እጠበው።»

ኢዮሲ ብርጭቆውን ተቀበለ። በዚያ ሰዓት ምን ቢሉት የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

ያፌት ጓዳ ገብቶ ድንቡሼን ይዟት ወጣ። ጠረጴዛው መሀል አስቀመጣት። «ቆይ። አንዴ ብቻ ቆይና እይ። እሷ ካልተጎዳች ትጠጣለህ፣ እኔም ከሚዜነት እወርዳለሁ።» ከነጩ ጠብ አደረገላት። ድንቡሼ ተንደረደረች። በረድ አለች። ልማድ ክፉ ነው፣ የዳጊም እጅ ሳያስበው ማጠቢያ ውሃውን ፍለጋ ሄደ። ያፌት እጁን ያዘው።

«ኢዮሲ ታጥቧል?»

ዳጊም እጁን ሰበሰበ።

ያፌት አረቄውን አነሳ። ከተወለደ ጀምሮ ሌሊትም ቀንም አብራው የመታች ናት። «ይቅር በይኝ፣ ድንቡሼ» አለና ጠብ አደረገ።

ድንቡሼ ብዙ አላስጠበቀቻቸውም። ዘለለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ በየጫፏ ተበታትና መታች፣ ገረጣች።  የመጨረሻ ምቷን ሁሉም አዩ። ኢዮሲ ብርጭቆውን እንደ እባብ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠና መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

«እንሂድ» አለ በትንሽ ድምፅ። «ወደ ሐኪም ውሰዱኝ።»

ልብ ቤት ሕክምናም ይሰጣል፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ተረኛዋ ሲስተር ቤዛዊት ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ምላሷ ያልሸበተ ሴት። ኢዮሲን አስተኝታ ደረቱ ላይ መሣሪያዋን ለጠፈችና ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማችሁም?» አለች። «ለየብቻ ስታቀምሱ አንዷን ድር ብቻ ነው የምታዩት። ደግሞ ሳህኑ ላይ ያያችሁት ግማሹ ነው። ታናሽ ጉበት የላትም፤ ይሄ ሙሽራ ግን አለው። አረቄና ኮኬይን ጉበት ውስጥ ሲገናኙ ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ። ልጁ ከወላጆቹ ይብሳል፣ ቶሎም አይወጣም፤ ደም ውስጥ ሰንብቶ ልብን ይበላል።»

«ነጩ ለብቻውስ?» አለ ዳጊም፣ ወደ መሬት እያየ።

«ለብቻውም ስንቱን ጎረምሳ ደረቱን አስይዞ አምጥቶልኛል! አንዴ ስለተረጋጋች ነገም ትረጋጋለች ያለህ ማነው?»

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም?»

«እንነግራለን። ‹ታናሼ ፈቅዳለች› ትሉናላችሁ።» መሣሪያዋን አየት አደረገች። «ይሄኛው ተርፏል። አመሻሹ ላይ እለቀዋለሁ። ነገ ግን ከሎሚ ጭማቂ ሌላ ቢቀምስ እኔ ራሴ ድንኳኑ ውስጥ መጥቼ አስተኛዋለሁ።» ከዚያ ወደ ያፌት ዞረች። «የራስህን አጠፋሃት?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

ቤዛዊት ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ያፌት እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ለምስር ክክ አለቀሰ የሚል ካለ ይበል።

እሁድ ቀትር ላይ፣ በሰዓቱ፣ ሙሽራና ሚዜዎች ጋሽ ሄኖክ በር ደረሱ። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ ወንበሩም ከምሰሶው ዞሯል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሰፈሩን እያናወጠው ነው። ያፌት ከፊት ነው፣ በሁለት እጁ ሳህን ይዟል። ሳህኑ ባዶ ነው። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ የደረሰበት ነገር ቢኖር፣ መዋሸትን ትናንት ሞክሮት እንዳልበጀው ብቻ ነው።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁ እየከዳው። «ንግሥት የለችም። የገደልኳት እኔ ነኝ።» ሳያጥብ መደረቡን፣ የደረበውም ምን በምን ላይ እንደሆነ፣ የላኩት አረቄ ግድግዳ ላይ መፍሰሱን፣ ሁሉንም በእንግዶቻቸው ፊት ነገራቸው።

ሹክሹክታው ድንኳኑን ዞረ። ጋሽ ሄኖክ ባዶውን ሳህን ትኩር ብለው አዩት።

«ታዲያ የልጄ ታናሽ ከማን ጋር ልትመታ ነው? ከአየር ጋር?»

«የኔን ውሰዱ!» አለ አንድ ደግ እንግዳ ከኋላ።

«የሰው ልብ ተውሶ ሠርግ አለ እንዴ!» ብለው አፈጠጡበት፤ ሰውዬው ተቀመጠ። «በዚህ ቤት ልብ ሳይገናኝ ሴት ልጅ አልወጣችም። አትወጣምም።»

 ያፌት ሳህኑን አጥብቆ ያዘ፤ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ሶልያና ከወንበሯ ተነሳች። ነገሩን ማታውኑ ኢዮሲ በስልክ ነግሯታል፤ ስድቡንም ማታውኑ ጨርሳ ሰድባዋለች። ቀሚሷን ሰብስባ መጣችና በአባቷና በሙሽራዋ መሀል ቆመች።

«አባዬ፣ ንግሥት በሱ ፈንታ ነው የሞተችው። ዋናው ልብ ይኸው ቆሟል፣ ምን ሆንን?» ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞረች። «አንተ! ዝም በልልኝ።»

ተጫዋቹ ዝም አለ። እንግዳው ሁሉ ዝም አለ። ድሬዳዋ ላይ ሠርግ ዝም ሲል የዚያን ቀን የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ መንገድ ላይ ያለፈ ባለጋሪ ምን መጣ ብሎ አንገቱን አስገብቷል። ሶልያና ቬሏን ገፋ አድርጋ ጆሮዋን በኢዮሲ ደረት ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ለካ ከተዋወቁ ጀምሮ ሳህን ውስጥ አይታው እንጂ እዚህ ሰምታው አታውቅም! ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ። እጇን ዘረጋችና በቀለበቷ ያፌት የያዘውን ባዶ ሳህን መታች።

ቲን። ቲን። ቲን።

የኢዮሲን ምት እየሰማች ነው የምትመታው። ያፌት በሁለት መዳፉ ውስጥ ሳህኑ ሲርገበገብ ተሰማው። መጀመሪያ አንዲት አክስት ጀመሩ፤ ምቱን ተከትለው ቀስ ብለው አጨበጨቡ። ጎናቸው ያሉት ተቀበሉ። ከዚያ አንዱ ወንበር ለሌላው እያቀበለ ድንኳኑ በሙሉ በአንድ ሰው ልብ ማጨብጨብ ጀመረ። ይህን የሰማ ልብ መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የኢዮሲ ምት ጨመረ፣ ቀለበቱ ጨመረ፣ ጭብጨባውም ተከተለ።

«ኧረ ፈጠነ!» አሉ ጋሽ ሄኖክ፣ ተጨንቀው። «ቸኮለ እኮ ይሄ ልጅ!»

ሶልያና ጆሮዋን ሳታነሳ «ሙሽራ አይደል እንዴ፣ አባዬ? ይቸኩላ!» አለች።

ሳቁና እልልታው አንድ ላይ ፈነዳ። ጋሽ ሄኖክም፣ ሳቅ የሚሰስቱት ሰውዬ፣ ጥርሳቸው ታየ። የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ፣ መልሰው ከተቱና «እንግዲህ ባቡሩ ተነስቷል፤ ምን ይደረጋል» አሉ። ኪቦርዱ የቀለበቱን ምት ተቀብሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ዘፈኑ ሲጋጋል ዳጊም ትሪ ላይ ብርጭቆ ደርድሮ ይዞር ጀመር። ለኢዮሲ የሎሚ ጭማቂ ሰጠው፤ ሲስተር ቤዛዊት ከጥግ ሆና እያየችው ስለነበር በሁለት እጁ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ነው የሰጠው። ብልቃጡን ጠዋት ሽንት ቤት እንደደፋው ለሦስት ሰው ነግሯል፤ ለአራተኛውም ሊነግር ነው። ያፌት ጋ ሲደርስ ከጋሽ ሄኖክ አረቄ የተረፈችውን አቀበለው።

ያፌት ተቀበለና እንደ ልማዱ ወደ ጎኑ ዞረ። ድንቡሼን መፈለጉ ነው። ጎኑ ባዶ ነው።

 ብርጭቆውን እንደያዘ በሌላኛው እጁ መዳፍ የገዛ ደረቱን ነካ። እዚያ ላይ እጁን አሳርፎ አያውቅም ነበር፤ ምን ሥራ አለው ብሎ! ከሸሚዙ ሥር አንዳች ነገር እጁን መታው፤ ትልቅ፣ ሞቃት፣ ደንዳና ነገር።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

ጥቂት አዳመጣት። ብርጭቆውን ለዳጊም መለሰለትና ሊጨፍር ገባ።